«ሲገባ አየሁት» በስፓኒሽ፦ የማየትና የመስማት ግሶች ከኢንፊኒቲቭ ጋር

ስፓኒሽ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ኤንትራር መግባት፣ ሳሊር መውጣት፣ ካንታር መዝፈን» እያለ ይሸመድዳል። ስህተት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው ሦስት አራት ወር ቆይቶ «አበበ ሲገባ አየሁት» ማለት ሲፈልግ ነው። ኢንፊኒቲቭ (ያልተረባው የግስ ቅርጽ) አእምሮው ውስጥ የተመዘገበው በ«መ» የሚጀምር ቃል ሆኖ ስለሆነ፣ «ሲገባ» ላይ ሲደርስ ኤንትራር ትዝ አይለውም። ወይ ግሱን ያረባዋል፣ ወይ «ኬ» የምትባለውን አያያዥ ይጨምራል፣ ወይ በ«አንዶ» የሚያልቀውን ቅርጽ በግድ ያመጣል።

መፍትሔው አንድ ነገር መቀየር ነው። ከማየትና ከመስማት ግስ ጎን የሚመጣው የስፓኒሽ ኢንፊኒቲቭ የሚተካው የአማርኛውን «መ» ሳይሆን «ሲ»ን ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ወጥመድ አያጣውም።

ምሳሌዎቹን የወሰድነው ሐዋሳ ላይ ከሚታየውና ከሚሰማው ነው። ፍቅር ሐይቅ ዳር ወይም አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ለዚህ የሰዋስው ክፍል የሚበቃ ቁሳቁስ ይዞ ይመለሳል። ስፓኒሹን በፊደላችን ስለጻፍነው ስለ ድምፁ ሁለት ሦስት ነገር ያዙ። «ቤር» (ማየት) እና «ቢ» (አየሁ) በስፓኒሽ ሆሄ የሚጻፉት «ኡቤ» በሚባለው ፊደል ነው፤ ድምፁ ግን «ብ» ነው፣ ጥርስን ከንፈር ላይ አሳርፎ «ቭ» ማለት አያስፈልግም። «ኽ» ጉሮሮ የምትሞርድ ድምፅ ናት። ስፔን ውስጥ ብዙዎች ምላስን በጥርስ መሃል አስገብተው የሚያወጡትን ድምፅ ደግሞ እንደ ላቲን አሜሪካ ሰዎች «ስ» ብለነዋል።

መጀመሪያ «ሲ»ን ማግኘት

ስፓኒሹን ከመጀመራችሁ በፊት የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ጻፉትና ሁለተኛው ግስ ምን ለብሶ እንደመጣ ተመልከቱ።

አበበ ሲገባ አየሁት። — ቢ አ አበበ ኤንትራር።

አበበ መግባቱን አየሁ፤ ወይም፣ እንደገባ አየሁ። — ቢ ኬ አበበ አቢያ ኤንትራዶ።

የመጀመሪያው ዓይን ያየው ነገር ነው፤ ሰውየው በሩን ሲያልፍ ተመልካቹ እዚያው ነበር። ሁለተኛው እውቀት ነው። ጫማውን በር ላይ አይቶ አበበ መግባቱን ማወቅ ይቻላል፤ ሲገባ ማየት ግን ሌላ ነው። ስፓኒሽም ይህንኑ ልዩነት ይጠብቃል፦ የታየ ድርጊት ኢንፊኒቲቭ ይወስዳል፣ የታወቀ ነገር ደግሞ «ኬ» እና የተረባ ግስ።

እዚህ ላይ ነው «መ» የምታሳስተው። «መግባቱን» ውስጥ «መግባት» ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ተማሪው ሮጦ ኤንትራርን ያመጣል። የሚወጣው ዓረፍተ ነገር ሰዋስውን አያፈርስም፤ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው። ያላየውን አየሁ ብሎ መመስከር ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ማንም አያርመውም፤ አድማጩ ዓረፍተ ነገሩን ትክክል አድርጎ ስለሚሰማው ዝም ብሎ ያምናል።

ሁለተኛው ምርመራ የ«ሲ» ባለቤት ማን እንደሆነ ማየት ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ትልቅ ውለታ ይውላል፣ በሰው ይለያያልና።

ሲገባ አየሁት። — ሎ ቢ ኤንትራር።

ስገባ አየሁት። — አል ኤንትራር፣ ሎ ቢ።

በሁለተኛው የገባሁት እኔው ራሴ ነኝ፤ «ስገባ» ጊዜን ነው የሚናገረው። ስፓኒሽ ለዚህ «አል»ን ከኢንፊኒቲቭ ፊት ያስቀምጣል። የ«ሲ» ባለቤትና የተመልካቹ ባለቤት አንድ ከሆኑ «አል»፣ ከተለያዩ ባዶ ኢንፊኒቲቭ። ይህችን አንድ ፍተሻ የለመደ ሰው ከስህተቱ ብዙው ይቀንስለታል።

ኢንፊኒቲቩ ራሱ ንቅንቅ አይልም። ሲገባ፣ ስትገባ፣ ሲገቡ፣ ስትገቡ፦ ሁሉም ኤንትራር ናቸው። «ቢ አ አልማዝ ኤንትራ» ወይም «ኤንትሮ» የሚል ተማሪ «ስትገባ» ውስጥ ያለችውን «ት» ስፓኒሽ ውስጥ እየፈለጋት ነው፤ የለችም። ጊዜም አይገባበትም። «አየሁ» ቢሆን፣ «አያለሁ» ቢሆን፣ «አይ ነበር» ቢሆን፣ የሚለወጠው የተመልካቹ ግስ ብቻ ነው። ከኢንፊኒቲቩ ፊትም መስተዋድድ አይቆምም። «ቢ አ አበበ አ ኤንትራር» የሚለው ስህተት ምንጩ ይታወቃል፦ «ቦይ አ ኤንትራር» (ልገባ ነው) ከሚለው የመጀመሪያ ወራት ትምህርት የተረፈች «አ» ናት።

የተመልካቹን ግስ ርባታ በአፍ ማወቅ ግድ ነው፤ «ኦኢር» (መስማት) ደግሞ ወጣ ያለ ነው። አሁን፦ ኦይጎ፣ ኦዬስ፣ ኦዬ፣ ኦኢሞስ፣ ኦዬን። ያለፈ፦ ኦኢ፣ ኦኢስቴ፣ ኦዮ፣ ኦኢሞስ፣ ኦዬሮን። «ቤር» ይቀላል፦ ቤኦ፣ ቤስ፣ ቤ፣ ቤሞስ፣ ቤን፤ ያለፈው ቢ፣ ቢስቴ፣ ቢዮ፣ ቢሞስ፣ ቢዬሮን። ለ«አይ ነበር» ቤኢያ ይበቃል። ስፔን ውስጥ ለ«እናንተ» ሌላ ቅርጽ አለ፤ በላቲን አሜሪካ ግን በእነርሱ ርባታ ስለሚሠራ እዚህ ትተነዋል። «ሚራር» (መመልከት) እና «ኤስኩቻር» (ማዳመጥ) ሆን ብሎ ለሚደረገው ናቸው፤ አገጣጠማቸው ያው ነው። በላቲን አሜሪካ ግን ኤስኩቻር በኦኢር ቦታ እየገባ «ሰማሁ» ለማለትም ብዙ ይነገራል።

ሙሉውን ነው ወይስ መሃሉን?

«ሲ» ብቻዋን ኢንፊኒቲቭም ኼሩንዲዮም ልትሆን ትችላለች። ኼሩንዲዮ የምንለው በ«አንዶ» ወይም በ«ዬንዶ» የሚያልቀውን ቅርጽ ነው፦ ካንታንዶ፣ ሳሊዬንዶ። ልዩነቱን ከሩጫ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ጥሩነሽ ዲባባ 10,000 ሜትሩን ስታሸንፍ በቴሌቪዥን ያየ ሰው እንዲህ ይላል፦

ቢ አ ጥሩነሽ ጋናር።

መጨረሻውን ክር ስትበጥስ አይቷል። «ቢ አ ጥሩነሽ ጋናንዶ» ካለ ግን እየመራች ሳለ ነው ያያት፤ ምናልባት መጨረሻው ሊደርስ ሲል መብራት ጠፍቶበታል፣ ውጤቱን አላየም። ኢንፊኒቲቭ ድርጊቱን ከነመጨረሻው ይይዛል፤ ኼሩንዲዮ መሃሉን ቆርጦ ያሳያል። መንገድ መሻገርም እንደዚሁ ነው። «ቢ አ አልማዝ ክሩሳር ላ ካዬ» ስንል አልማዝ ወዲያ ማዶ ደርሳለች። «ክሩሳንዶ ላ ካዬ» ስንል ባጃጆቹ መሃል ላይ ናት፤ መድረሷን ዓረፍተ ነገሩ አይነግረንም።

በአማርኛ መፈተኛው «እየ» ናት። «አልማዝን መንገዱን እያቋረጠች አየኋት» ብላችሁ ሐሳቡ ካልተለወጠ ኼሩንዲዮ ይሄዳል። «እየ»ን ስታስገቡ የሆነ ነገር ከጎደለ፣ በተለይ መጨረሻው ከጠፋ፣ ኢንፊኒቲቩን አትልቀቁ። መዝነብ፣ መዝፈን፣ መዋኘት ለመሳሰሉ መድረሻ ለሌላቸው ግሶች ልዩነቱ ይሳሳል፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ።

ኢንፊኒቲቩን እንድንመርጥ የሚያደርግ ሌላም ምክንያት አለ። «ቢ አ አልማዝ ሳሊዬንዶ ዴ ላ ኢግሌሲያ» ሲባል ከቤተ ክርስቲያን የወጣችው አልማዝ ናት ወይስ እኔ? በስፓኒሽ ሁለቱም ይሆናል፣ ኼሩንዲዮው ባለቤቱን አያሳይምና። «ቢ አ አልማዝ ሳሊር ዴ ላ ኢግሌሲያ» ካልን ግን የወጣችው አልማዝ ብቻ ናት። አማርኛ በ«ስወጣ» እና በ«ስትወጣ» የሚፈታውን ስፓኒሽ የሚፈታው እንዲህ ነው።

ቅደም ተከተሉና «አ»

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ተማሪው ሰዎቹን አስቀድሞ ግሱን ወደ ኋላ ይገፋል። በስፓኒሽ የተመልካቹ ግስ ይቀድማል፤ ከእሱ በኋላ ያለው አደራደር በኢንፊኒቲቩ ጠባይ ይወሰናል።

ኢንፊኒቲቩ የማይሻገርና ብቻውን ከሆነ ከተመልካቹ ግስ አጠገብ መለጠፍ ይወዳል።

ቢ ዬጋር አ ሎስ ፔስካዶሬስ። — ዓሣ አስጋሪዎቹ ሲመጡ አየሁ።

ተሳቢ ካለው፣ ወይም ጓዙ ከበዛ፣ አድራጊው መሃል ይገባል።

ቢ አ ሎስ ፔስካዶሬስ ሳካር ላ ሬድ። — አስጋሪዎቹ መረቡን ሲያወጡ አየሁ።

በመጀመሪያው «ቢ አ ሎስ ፔስካዶሬስ ዬጋር» ማለትም ያስኬዳል፤ ጆሮ የለመደው ግን የላይኛውን ነው። ለዝናብ፣ ለፀሐይ፣ ለባጃጅ ግን ኢንፊኒቲቩን ማስቀደም የተሻለ ነው፦ ኦይጎ ዮቤር (ሲዘንብ እሰማለሁ)፣ ቢ ሳሊር ኤል ሶል (ፀሐይ ስትወጣ አየሁ)፣ ኦኢ ዬጋር ኤል ሞቶታክሲ (ባጃጁ ሲመጣ ሰማሁ)። ሞቶታክሲ ፔሩ ውስጥ ለእኛው ባጃጅ ያላቸው ስም ነው፤ ሐዋሳን ለስፓኒሽ ተናጋሪ የሚያስጎበኝ ሰው በመጀመሪያው ቀን ታስፈልገዋለች።

«አ» የምትገባው አድራጊው ሰው ሲሆን ነው። አማርኛ «ን»ን ለሰውም ለዕቃም እኩል ያድላል፣ «አበበ ሲገባ አየሁት» ላይ ደግሞ ጭራሽ ይተዋታል፤ ስለዚህ ተማሪው «አ»ን የሚረሳው ስንፍና ይዞት አይደለም። ለጀልባ፣ ለፀሐይ፣ ለባጃጅ «አ» የለም። እንስሳት መሃል ላይ ናቸው፤ እዚህ አገጣጠም ውስጥ አድራጊ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ ያገኟታል። ኦይጎ ካንታር አ ሎስ ፓኻሮስ፣ ወፎቹ ሲዘምሩ እሰማለሁ። አሞራ ገደል ላይ የዓሣ ራስ የሚጠብቀው አባ ኮዳም አይቀርበትም፦ ቢ አ ኡን ማራቡ ትራጋርሴ ላ ካቤሳ ዴ ኡን ፔስካዶ፣ አንድ አባ ኮዳ የዓሣ ራስ ሲውጥ አየሁ።

ዓሣ ካነሳን አይቀር፦ ሐይቁ ውስጥ የሚዋኘው ፔስ፣ ከተያዘ በኋላ ያለው ፔስካዶ ነው። ቆሮሶው ውኃ ውስጥ ሳለ «ቤኦ ናዳር ኡን ፔስ»፣ ቢላ ሥር ሲደርስ ፔስካዶ።

ተውላጠ ስሙ የት ይቀመጣል?

የታየው ሰው በተውላጠ ስም ሲተካ «ሎ፣ ላ፣ ሎስ፣ ላስ» ይሆናል፤ ቦታውም ከተመልካቹ ግስ ፊት ነው።

አየሁት፣ ሲወጣ — ሎ ቢ ሳሊር። አየኋት — ላ ቢ ሳሊር። አየኋቸው — ሎስ ቢ ሳሊር፤ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ ላስ ቢ ሳሊር።

«ቢ ሳሊርሎ» አይባልም። በአማርኛ «አየሁት» ላይ ያለችው «ት» የማየት ግስ ላይ እንጂ የመውጣት ግስ ላይ እንዳልሆነች አስቡ፤ ስፓኒሽም በዚህ ይስማማል፣ ከኋላ ወደ ፊት ማዞር ብቻ ነው የቀረው። የተመልካቹ ግስ ራሱ ኢንፊኒቲቭ ከሆነ መለጠፍ ይቻላል፦ ኪዬሮ ቤርሎ ኹጋር፣ ሲጫወት ላየው እፈልጋለሁ። «ሎ ኪዬሮ ቤር ኹጋር»ም ያው ነው።

በአንጻሩ አማርኛ «አበበን ሲገባ አየሁት» ብሎ ስሙንም ተውላጠ ስሙንም አብሮ ይይዛል። በስፓኒሽ ስሙ ከግሱ በኋላ ከመጣ «ሎ» አትገባም። ቦነስ አይረስ አካባቢ «ሎ ቢ አ አበበ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል፤ የአካባቢው አነጋገር ነው፣ ለጀማሪ አይበጅም። ስሙ ወደ ፊት ሲወጣ ግን «ሎ» ግዴታ ናት፦ አ አበበ ሎ ቢ ኤንትራር፤ «አበበንማ ሲገባ አየሁት» እንደማለት።

ኢንፊኒቲቩ የራሱ ተሳቢ ካለውና እሱም በተውላጠ ስም ከተተካ ሁለት ቦታ ይኖረናል። ዓሣ የምታጸዳዋን ሴት እንውሰድ።

ቢ አ ላ ሙኼር ሊምፒያር ኤል ፔስካዶ። — ሴትየዋ ዓሣውን ስታጸዳ አየሁ።

ላ ቢ ሊምፒያር ኤል ፔስካዶ። — ዓሣውን ስታጸዳ አየኋት።

ላ ቢ ሊምፒያርሎ። — ስታጸዳው አየኋት።

«ስታጸዳው አየኋት» ውስጥ «ው» ማጽዳት ላይ፣ «ት» ማየት ላይ ናቸው። ስፓኒሹም እያንዳንዱን ተውላጠ ስም የየራሱ ግስ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ይህን ካየ በኋላ ሕግ መሸምደድ ቀላል ነው። ሁለቱን ወደ ፊት አምጥቶ «ሴ ሎ ቢ ሊምፒያር» ማለትም ይቻላል፤ በተለይ «ሴ ሎ ኦኢ ዴሲር» (ይህን ሲል ሰምቼዋለሁ) ከአፍ አይጠፋም። ሲነገር እንድታውቁት እንጂ መጀመሪያ ላይ እንድትናገሩበት አንመክርም፤ «ሴ» ወንዱንም ሴቷንም ብዙውንም ስለሚውጥ ማን እንዳለው ይጠፋል።

ስፔን ውስጥ ለወንድ «ሌ ቢ ሳሊር» የሚል ሰው ብትሰሙ አትደንግጡ። የስፔን ሮያል አካዳሚ ይህን ለአንድ ወንድ ሰው ይቀበለዋል። ለሴት ግን «ላ» ትጸናለች።

ጠሪው ማን ነው፣ የተጠራውስ?

ኦኢ ያማር አ አበበ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው፦ አበበ ሲጣራ ሰማሁ፤ ወይም አበበን ሌላ ሰው ሲጠራው ሰማሁ። «አ» የኢንፊኒቲቩን አድራጊም ተሳቢም ልታሳይ ስለምትችል ነው። አማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ «አበበ ሲጠራ ሰማሁ» የሚለውን በወረቀት ላይ ብቻ ያየ ሰው ያው ችግር ይገጥመዋል። «ጠ»ን አላልቶ ካነበበው አበበ ጠሪ ነው፣ አጥብቆ ካነበበው ተጠሪ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይጽፍ በዐውዱ እንፈርዳለን። ስፓኒሽ ተናጋሪውም እንዲሁ በዐውድ ይፈርዳል፣ ግን የሚያጠብቀው ድምፅ የለውም። ስለዚህ የሚጠራጠር ከሆነ አደራደሩን ይለውጣል፦

ኦኢ አ አበበ ያማር። — ጠሪው አበበ ነው።

ኦኢ ኬ ያማባን አ አበበ። — የተጠራው አበበ ነው።

መጥራት፣ ሰላምታ መስጠት፣ መሳደብ፣ መምታት፣ መሳም፦ ሁለት ሰው የሚጠይቁ ግሶች በሙሉ ይህ አደጋ አለባቸው። ለፍርድ ቤት ወይም ለፖሊስ ቃል የሚተረጉም ሰው እዚህ ላይ ኢንፊኒቲቩን ከአድራጊው በፊት ፈጽሞ ባያስቀምጥ ይሻለዋል።

ተደራጊው ነገር ሲሆን ግን አሻሚነቱ ይጠፋል። «ቢ ኮንስትሩኢር ኤስታ ካሳ» ማለት «ይህ ቤት ሲሠራ አየሁ» ነው፤ ቤት ቤት አይሠራምና ግንበኛውን መጥቀስ አላስፈለገም። የአማርኛው የጠበቀ «ሲሠራ» በስፓኒሽ ተራ ኢንፊኒቲቭ ሆነ ማለት ነው። የተደራጊ ቅርጽ ፍለጋ «ሴር ኮንስትሩኢዳ» ብሎ መድከም አያስፈልግም።

«ሴ» ከኢንፊኒቲቩ ጋር ትቀራለች

አንዳንድ ግሶች በተፈጥሯቸው «ሴ» ይዘው ይሄዳሉ፦ ኢርሴ (ትቶ መሄድ)፣ ካዬርሴ (መውደቅ)፣ ፖኔርሴ (ፀሐይ ስትጠልቅ)። ተማሪው የታየውን ሰው «ላ» ብሎ ወደ ፊት ሲያወጣ «ሴ»ንም አብሮ ይነቅላታል ወይም ጭራሽ ይጥላታል። አትንቀሏት። ላ ቢ ኢርሴ፣ ስትሄድ አየኋት። ሐዋሳ ላይ ሐይቁ ከከተማው ወደ ምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ የምትጠልቀው ውኃው ላይ ነው፤ ፍቅር ሐይቅ የሚቀመጥ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር በየቀኑ በነፃ ያገኘዋል፦ ቢ ፖኔርሴ ኤል ሶል።

በር ላይ ደግሞ አማርኛና ስፓኒሽ ደረጃ በደረጃ ይገጣጠማሉ፤ ለልምምድ ከዚህ የሚሻል አናውቅም።

በሩ ሲከፈት አየሁ። — ቢ አብሪርሴ ላ ፕዌርታ።

አልማዝ በሩን ስትከፍት አየሁ። — ቢ አ አልማዝ አብሪር ላ ፕዌርታ።

በሩን ተከፍቶ አየሁት። — ቢ ላ ፕዌርታ አቢዬርታ።

በሩ ክፍት መሆኑን አየሁ። — ቢ ኬ ላ ፕዌርታ ኤስታባ አቢዬርታ።

ሦስተኛው ላይ ኢንፊኒቲቭ የለም፤ «ተከፍቶ» ያለቀ ነገር ስለሆነ ስፓኒሽም ያለቀውን ቅርጽ ይሰጠዋል። «ታሞ አየሁት» ብትሉም ሎ ቢ ኤንፌርሞ ነው። ማወቅ፣ መሆን፣ ባለቤት መሆን የመሳሰሉትም ኢንፊኒቲቭ አይወስዱም፤ ስፓኒሽ ማወቁን የምናየው በ«ኬ» ነው። በአማርኛስ ቢሆን «ስፓኒሽ ሲያውቅ አየሁት» ማን ይላል? የራሳችሁን ጆሮ እመኑት።

አሉታም በጆሮ ይፈታል። «ሲገባ አላየሁትም» ኖ ሎ ቢ ኤንትራር ነው፤ «አለመግባቱን አየሁ» ደግሞ ቢ ኬ ኖ አቢያ ኤንትራዶ። «ኖ»ን ከኢንፊኒቲቩ ፊት መሰንቀር ከሁለቱም አይገጥምም።

ሴንቲር፣ ባለ ሁለት ፊቱ

ሴንቲር በአካል መሰማት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው የምትጠቅም ምሳሌ፦ ሴንቲ ቴምብላር ላ ቲዬራ፣ መሬት ስትንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በብዙ የላቲን አሜሪካ አገሮች ለጆሮም ያገለግላል።

የኢንፊኒቲቩ ባለቤት ተናጋሪው ራሱ ሲሆን ግን ትርጉሙ ይገለበጣል። «ሲዬንቶ ዬጋር ታርዴ» ማለት «ስላረፈድኩ ይቅርታ» ነው። የሌላ ሰው ድርጊት ላይ ማዘንም አለ፦ ሲዬንቶ ኬ ቴ ባያስ፣ መሄድህ አሳዘነኝ፤ እዚህ ግሱ የምኞትና የስሜት ርባታ ይለብሳል። ሴንቲርን ለስሜት ሕዋስ ስትጠቀሙበት የሌላ አድራጊ መኖሩን አረጋግጡ።

እንዳሉ የሚያዙ

«ሲባል ሰምቻለሁ» ኤ ኦኢዶ ዴሲር ነው፤ ቀጥሎ «ኬ» ይመጣል። «ስለ ሐዋሳ ሰምተሃል?» ደግሞ አስ ኦኢዶ አብላር ዴ ሐዋሳ? ይባላል፤ ቃል በቃል «ስለ ሐዋሳ ሲወራ» ነው፣ አብላር ካልገባ ዓረፍተ ነገሩ ይጎድላል። «ቴ ቤኦ ቤኒር» ከሩቅ ሲመጣ ለሚታይ ሰው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን «አካሄድህ ገብቶኛል» ነው። «ሴ ቤኢያ ቤኒር»፣ እንደሚመጣ ቀድሞም ያስታውቅ ነበር። ሲመክሩት ጆሮ ዳባ ልበስ ለሚል ሰው ደግሞ «ኮሞ ኪዬን ኦዬ ዮቤር» ይሉታል፦ ዝናብ ሲዘንብ እንደሚሰማ ሰው። የእኛው ዳባ ይለብሳል፣ የእነሱው ዝናቡን ይሰማል፤ ምክሩ ግን ሁለቱም ጋ አልገባም።

ሃያ ደቂቃ ልምምድ

ሐይቁ ዳር፣ ገበያ ወይም ታክሲ ተራ ተቀመጡና መጀመሪያ በአማርኛ ብቻ አሥር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ሁሉም «አየሁ» ወይም «ሰማሁ» ይኑርባቸው። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ «ሲ»፣ «እየ»፣ «መ…ን» እና «እንደ» ላይ አስምሩ። ስፓኒሹን መጻፍ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በቀጥታ በስፓኒሽ የጀመረ ሰው የሚያውቀውን ቃል እንጂ ያየውን ነገር አይጽፍም። መሞከሪያ አምስት እነሆ፣ ከነመልሳቸው።

ጀልባዎቹ ሲመለሱ አየን። — ቢሞስ ቦልቤር ላስ ባርካስ። ጀልባ ሰው ስላልሆነ «አ» የለችም።

አልማዝ ስትስቅ እሰማለሁ። — ኦይጎ ሬኢር አ አልማዝ።

ዝናቡ ማቆሙን አየሁ። — ቢ ኬ አቢያ ዴኻዶ ዴ ዮቤር። «መ…ን» ስለሆነ «ኬ» ገባ።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ሲዘንብ ሰማሁ። — አል ሳሊር ዴ ላ ኢግሌሲያ፣ ኦኢ ዮቤር። የመጀመሪያው ባለቤት ተናጋሪው ነው፣ ስለዚህ «አል»፤ የሁለተኛው ዝናቡ ነው፣ ስለዚህ ባዶ ኢንፊኒቲቭ። ይህችን ያለ ማመንታት የመለሰ ሰው ነገሩ ገብቶታል።

ልጁ ሲወድቅ አላየሁትም፤ ወድቆ ነው ያየሁት። — አል ኒኞ ኖ ሎ ቢ ካዬርሴ፤ ሎ ቢ ያ ኤን ኤል ስዌሎ። እዚህ «አል» የጊዜዋ ሳትሆን «አ» እና «ኤል» ሲገናኙ የሚወጣው ናት፤ «ልጁ» ወደ ፊት ስለወጣ «ሎ» ተደገመች፣ «ሴ» ኢንፊኒቲቩ ላይ ቀረች፣ «ወድቆ» ደግሞ ያለቀ ስለሆነ ኢንፊኒቲቭ አላገኘም፤ ስፓኒሹ «መሬት ላይ ሆኖ አየሁት» ብሎ አለፈው።